መርከብ በጎንደር፦ የ«ኢትዮጵያ» ሞዴል የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 23

ዛሬ ፕላኑን አሳተምኩ። ፒያሳ ካለ ማተሚያ ቤት በትልቅ ወረቀት አስወጥቼ ሱቄ ግድግዳ ላይ፣ ጥገና ከሚጠብቁት ቴሌቪዥኖች በላይ ለጠፍኩት። ከባሕር ወለል ሁለት ሺህ ሜትር ከፍ ብሎ ጎንደር ላይ ተቀምጦ መርከብ የሚሠራ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ቡና የምታፈላልን ጎረቤቴ ቀድማ አለችው፦ «ኖኅም ላይ ስቀውበት ነበር፤ አንተ ብቻ በርታ።»

የምሠራት «ኢትዮጵያ»ን ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ፣ ምፅዋ ትቆም የነበረችው ባለ ኤ-01 ቁጥሯ። እኛ ዘንድ የመጣችው ግን ጦርነት አይታ ነው። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ ሌክ ዋሽንግተን በሚባል የመርከብ መሥሪያ ተሠርታ በኦክቶበር 1942 እ.ኤ.አ. ውኃ ላይ ወረደች፤ በጃንዋሪ 1944 አገልግሎት ጀመረች። ያኔ ስሟ «ኦርካ» ነበር። ሰው ሁሉ ስሙን ኦርካ ከሚባለው ዓሣ ነባሪ ጋር ያገናኘዋል፤ የተሰየመችው ግን አላስካ ባለው ኦርካ በሚባል ወሽመጥ ነው።

ሥራዋ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን መመገብ ነበር። ነዳጁም፣ ጥይቱም፣ መለዋወጫውም፣ የአብራሪዎቹ እራትና መኝታም ከእርሷ ነው። ሆዷ 80,000 ጋሎን የአውሮፕላን ቤንዚን ይይዛል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እዚያ ቤንዚን ላይ ተኝተው ቦምብ በሚወርድበት ባሕር እንዴት እንቅልፍ እንደወሰዳቸው አስባለሁ።

መጠኑን 1:100 አደረግሁት። ምክንያቴ ስንፍና ነው፤ አንድ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ስሌት የለም። ርዝመቷ 94.7 ሜትር ነው፣ የእኔዋ 94.7 ሳንቲ ሜትር። ወርዷ 12.5። ባለቤቴ ሜትሮ ይዛ ቡፌውን ለካችና ምንም ሳትናገር ወደ ኩሽና ገባች።

ሰኔ 27

የመጀመሪያው ጥፋት። ፕላኑ በጫማና በኢንች ነው፤ 310 ጫማ ከ9 ኢንች ይላል። ቅርጽ ማውጫዎቹን ከካርቶን ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ወረቀቱን በማስመሪያ መለካት ትዝ ያለኝ። 91.9 ሳንቲ ሜትር! ማሽኑ ስዕሉን ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ ብሎ በራሱ አሳንሶታል። ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በእውነተኛዋ መርከብ ሦስት ሜትር፣ ጠፋብኝ። ካርቶኑን ልጆቹ ለጨዋታ ወሰዱት፣ እኔ እንደገና ፒያሳ ወጣሁ። አሁን ስዕሉ ዳር ላይ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር መስመር አሠርቼበታለሁ፤ ከመቀበሌ በፊት እዚያው ቆሜ ለካሁት።

ሐምሌ 9

ቀፎዋ፣ ማለትም ገላዋ፣ የዋንዛ ነው። አውቶ ፓርኮ አካባቢ ያለ አናጺ ወዳጄ የፈረሰ ቤት በር ጣውላ ነበረው፤ «ደርቋል?» አልኩት፣ «ከእኔ በፊት የደረቀ ነው» አለኝ። በሩ እውነትም ደርቆ ነበር። ያልበቃውን ሦስት ጣውላ ግን ከአዲስ ግንድ ሰንጥቆ ጨመረልኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። (ይህን ዝምታዬን ጥቅምት ላይ ዋጋ ከፈልኩበት።)

ዘዴው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ጣውላ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ መርከቧን አንድ አንድ ሜትር እየተላለፉ በአግድም ቢቆርጧት የሚታየው ቅርጽ ጣውላው ላይ ይሳልና ይቆረጣል፤ ከዚያ በኮላ ተደራርቦ በሞርሳ ይታሰራል። አራቱ የታችኞቹ ውኃ ውስጥ የሚሆኑት ናቸው፤ ሙሉ ጭነት ስትይዝ 4.1 ሜትር ትጠልቃለችና። ተጣብቃ ስትወጣ መርከብ አትመስልም። ደረጃ ትመስላለች።

ነሐሴ 2

ዝናቡ ሱቅ ሰው አያመጣም፤ ስለዚህ እየላግሁ ነው። ደረጃዎቹ ጫፋቸው እስኪጠፋ ድረስ በመላጊያ፣ ከዚያ በሞረድ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት። የመርከቧ ፊት ላይ ደርሼ ሁለት ቀን አጠፋሁ። ቅርጽ ማውጫውን በቀኝ ሳደርገው ልክ ነው፤ ገልብጬ በግራ ሳደርገው ብርሃን ያሾልካል። ሁለት ሚሊ ሜትር። ዓይን ሁለት ሚሊ ሜትር አያይም ትል ይሆናል፤ ከፊት ለፊት ጎንበስ ብለህ ስታያት ግን አንገቷን ያዞረች ሰው ትመስላለች። እጄ ወደ አንድ ጎን እንደሚከብድ እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። በዋንዛ ብናኝና በኮላ ሞልቼ እንደገና ላግሁት።

ነሐሴ 21

ዛሬ ሬዲዮ ይዘው አንድ ሽማግሌ መጡ። የሰፈሩ ልጆች «አባ መልሕቅ» የሚሏቸው ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ መልሕቅ ስለተነቀሱ። ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ግድግዳውን ሲያዩ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ስዕሉ ጠጋ ብለው ጣታቸውን የኋለኛው ክሬን ላይ አሳረፉ።

«ይህችን የሰጠህ ማነው?»

«ከኢንተርኔት ነው፣ አባባ። አንቱ ያውቋታል?»

«ኖሬባታለሁ።»

በ1958 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው ባሕር ኃይል የገቡት። መርከቧ ከመጣች አራት ዓመቷ ነበር፤ አሜሪካኖቹ ያስረከቡን ጥር 1954 ላይ ነው። እጩ መኮንኖችና ባሕርተኞች የሚሠለጥኑባት እርሷ ላይ ነበር። እርሳቸው ከለቀቋት በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው፦ ምፅዋ የካቲት 1982 ከእጅ ወጣች፣ መርከቧ ግንቦት 1983 ላይ ሸሽታ የመን ገባች፣ ሁለት ዓመት ቆይታ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስለዚህ ሄጄ የምለካት መርከብ የለችም። ያለኝ ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አባ መልሕቅ።

ሬዲዮውን በነጻ ሠራሁላቸው። ብልሽቱም የባትሪ ዝገት ብቻ ነበር።

መስከረም 14

ከዴኩ በላይ ያለውን መሥራት ጀመርኩ። (ባሕር ኃይሎች «ወለል» አይሉም፣ ዴክ ነው የሚሉት፤ አባ መልሕቅ ሁለቴ አርመውኛል።) ለግድግዳው ብዙ ነገር ሞከርኩ። የወተት ጣሳ ቆርቆሮ ጠርዙ ይጠማዘዛል፤ ካርቶን ቀለም ሲነካው ያብጣል። መፍትሔው ሱቄ ውስጥ በከረጢት ሞልቶ ነበር፤ ሲም ካርድ ተነቅሎለት የሚጣለው የፕላስቲክ ማቀፊያ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች፣ በካተር ሁለቴ ጫር አድርገህ ብታጥፈው ቀጥ ብሎ ይሰበራል። አንድ ቀዳዳ አለው እንጂ ለዚሁ የተሠራ ነው የሚመስለው። ብሪጁ (መርከቧ የምትመራበት ክፍል)፣ የጭስ ማውጫው፣ የኋለኛው ክፍል በሙሉ የሲም ካርድ ነው። አንዱ ግድግዳ ውስጠኛ ጎኑ ላይ የስልክ ቁጥር ታትሞበት ቀርቷል፤ ማንም አያየውም።

ክብ መስኮቶቹን በእጅ ነው የምበሳቸው። ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ተራርቀው አንድ መስመር ላይ የሚቀመጡ ናቸው፤ ከአሥራ አራቱ አንዷ እንኳ ዝቅ ካለች መስመሩ በሙሉ የሰከረ ይመስላል። መጀመሪያ በመርፌ ነጥብ፣ ከዚያ ትንሹ መብሻ፣ ከዚያ ትልቁ። ተቻኩዬ በአንድ ጊዜ በትልቁ የበሳሁትን ጎን ጣልኩት።

ጥቅምት 6

መድፎች። ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር።

የያዝኩት የጦርነት ጊዜ ዝርዝር እንዲህ ነው፦ ፊት ላይ አንድ ባለ 5 ኢንች መድፍ፤ ቦፎርስ ከሚባለው ባለ 40 ሚሊ ሜትር መድፍ አንዱ አራት አፈሙዝ፣ ሁለቱ ሁለት ሁለት አፈሙዝ፤ ከዚያ አራት መንትያ ባለ 20 ሚሊ ሜትር። የባለ 5 ኢንቹ አፈሙዝ ርዝመት የአፉን ስፋት 38 ጊዜ ያህላል፤ 127 ሚሊ ሜትር በ38 ሲባዛ 4.8 ሜትር ነው፣ በእኔ ልክ 48 ሚሊ ሜትር። ቦፎርሱ 22 ሚሊ ሜትር ተኩል፤ ትንሹ 14።

አፈሙዙ የሕክምና መርፌ ነው። ባዶ ቱቦ ስለሆነ አፉ ራሱ የመድፍ አፍ ነው። ፋርማሲ ሄጄ ባለ ሰማያዊና ባለ ብርቱካን ራስ መርፌ አሥር አሥር ስጠይቅ ልጅቷ አተኩራ አየችኝ። ባለ ሰማያዊው 0.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለቦፎርስ፤ ባለ ብርቱካኑ 0.5፣ ለትንሹ። «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለመርከብ» አልኩ። ሰጠችኝ፤ ግን ደረሰኙ ላይ ስሜን ጻፈችበት።

ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር ልንገር፦ መርፌውን በፒንሳ አትቁረጥ። ፒንሳው ቱቦውን ይጨፈልቀዋል፣ አፉም ይደፈናል። እኔ አራት አበላሽቻለሁ። በቀጭን መቁረጫ ዲስክ ዙሪያውን ጫር አድርገህ ወደ ጎን ብትሰብረው ክቡ ክብ እንደሆነ ይቀራል። የቦፎርስ አፈሙዝ ጫፉ እንደ ጡሩምባ ሰፋ ይላል። ለዚያ ጫፉ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ስቱኮ አደረግሁ፣ ደርቃ ስታበቃ መርፌውን ድሪል ላይ አስሬ እያሽከረከርኩ በብርጭቆ ወረቀት ቀረጽኳት። አንዱ አፈሙዝ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ስምንት አሉ። ከዚያ ስምንት ትንንሾቹ።

ጥቅምት 25

ሁለት ነገር በአንድ ሳምንት።

አንደኛ፣ ቀፎዋ ተሰነጠቀች። ዝናቡ ሄደ፣ ነፋሱ መጣ፣ ያ ከአዲስ ግንድ የተሰነጠቀው ጣውላ እርጥበቱን አውጥቶ ተኮማተረ። ግራ ጎኗ ላይ ከብሪጁ ሥር እስከ ክሬኑ ድረስ ኮላው ለቅቆ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። አናጺው ወዳጄ መጥቶ አይቶ «ዋንዛ አይሰነጠቅም» አለኝ፤ ስንጥቁን እየነካ ነው ይህን የሚለው። ወዲያው ሞልቼ ልቀባት ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። ገና ይኮማተራል። እስከ ኅዳር መጨረሻ ክፍት ትቆያለች።

ሁለተኛ፣ አባ መልሕቅ መድፎቹን አዩ። ባለ 5 ኢንቹን አዙረው አዩት፣ ቦፎርሱን አዩት፣ ደስ አላቸው። ትንንሾቹ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

«የመርከቧ ናቸው፣ አባባ። ጦርነቱ ላይ ነበሩ።»

«እኔ አላየኋቸውም። እዚህ እኮ ልብስ ነበር የምናሰጣው።»

ሥራው የሁለት ሳምንት ነው፤ ስምንት አፈሙዝ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ነገሩ የመድፍ አልነበረም። የኔ መርከብ የ1944 እ.ኤ.አ. «ኦርካ» ናት፤ የእርሳቸው የ1958 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ»። ብረቱ አንድ ነው፣ መርከቧ ግን ሁለት ናት፤ አንድ ሞዴል ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ነው መሆን የሚችለው። ግማሹን ከዚያ ግማሹን ከዚህ ብወስድ አንድም ቀን ኖራ የማታውቅ መርከብ ነው የምሠራው።

ጥቅምት 28

ወሰንኩ። «ኢትዮጵያ» ትሁን። ርዕሱንም መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲያ ነው፤ ጦርነቱ ስለሚስብ ነው የተንሸራተትኩት። ትንንሾቹን መድፎች ነቅዬ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተትኳቸው። ቦታቸውን በስቱኮ ደፈንኩ።

ክሬኑ ግን ለሁለቱም ዘመን አንድ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ቀኑን ሙሉ እርሱን ስሠራ ጦርነቱን እያሰብኩ ዋልኩ። ካታሊና የሚባለውን የባሕር አውሮፕላን ከውኃ የሚያነሳ ነው። ዲሴምበር 3 ቀን 1944 ፊሊፒንስ፣ ኦርሞክ ወሽመጥ ላይ «ኩፐር» የምትባል አጥፊ መርከብ ተመትታ ስትሰጥም፣ ከውኃ ላይ የቀሩትን ሊያነሱ የሄዱት ካታሊናዎች ናቸው። አንዷ ብቻ 56 ሰው ጭና ተነሳች። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31.7 ሜትር ነው። የወንድሜ ልጅ ይህን ሲሰማ ካታሊና ካልሠራህ አለኝ። በእኔ ልክ ክንፏ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የመርከቧን ሲሶ። ቡፌው ላይ ቦታ የለም ብዬ አመለጥኩ።

ኅዳር 18

የዴኩ ዙሪያ አጥር። ከሥራው ሁሉ የሚያደክመው ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚታየውም ይህ ነው።

ሽቦው ከተቃጠለ የውኃ ፓምፕ የወጣ መዳብ ነው፤ ሞተር የሚጠመጥም ጎረቤቴ በነጻ ሰጠኝ። ቋሚው 0.4 ሚሊ ሜትር፣ አግድሙ 0.2። ከሞተር የወጣ ሽቦ የተጨማደደ ነው፤ በጣት ብታቃናው አይቃናም። አንዱን ጫፍ ሞርሳ ላይ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዘህ ቀስ ብለህ ትስበዋለህ፤ ትንሽ «እሺ» ሲል በእጅህ ይሰማሃል፣ እዚያ ላይ ታቆማለህ። እንደ ክራር ጅማት ቀጥ ይላል። ከዚያ ቫርኒሹን በምላጭ መፋቅ ግድ ነው፤ ካልተፋቀ ስታኞው (ቀልጦ ሽቦውን የሚያያይዘው ብረት) እንደ ውኃ ጠብታ ተንከባሎ ይወድቃል።

ጣውላ ላይ ቦይ ጫርኩ፤ ቋሚዎቹ አንድ ሳንቲ ሜትር ቁመት ኖሯቸው ቦዩ ውስጥ ይተኛሉ፣ ሦስቱ አግድሞች ከላያቸው ይወጠራሉ። ሳልዳቶሪውን (ስታኞ ማቅለጫውን) በየመገናኛው ማስነካት ነው፤ አንድ ሰከንድ። ሁለት ሰከንድ ከሆነ ቀድሞ የያዘው ጎረቤቱ ይለቃል። 20 ቋሚ በ3 አግድም፣ 60 መገናኛ። ሃምሳ አንደኛው ላይ መብራት ሄደ። ሳልዳቶሪው ሽቦው ላይ እንደተጣበቀ በረደ። በጨለማ ሳላቅቀው ሙሉውን አጥር አብሬ አነሳሁት። ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ፤ ያን ቀን የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ታኅሣሥ 4

ስንጥቁ ቆሟል፤ ሞላሁት። አጥሩ ተጀምሮ ተጨርሷል። አባ መልሕቅ «ሸራው የት አለ?» አሉ። ምፅዋ ላይ በበጋ ብረቱን በባዶ እግር መርገጥ አይቻልም ነበር፤ ኋለኛው ዴክ ላይ ሸራ ይዘረጋል። በየዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን ጃንሆይ ሲመጡ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦች ወደቡን ሞልተው ሲቆሙ፣ ሸራው ታጥቦ ነጭ ይሆናል። «ያለ ሸራ ማን ይቆማል!» ፕላኑ ላይ ሸራ የለም። ፕላኑ ግን ምፅዋ ሄዶ አያውቅም። የባለቤቴን የነጠላ ቁራጭ በኮላ አጥቤ ዘረጋሁት፤ የድርና ማጉ ሽመና በ1:100 ትንሽ ይገዝፋል፣ ቢሆንም ከወረቀት ይሻላል። ጥበቡን አልነካሁም።

ታኅሣሥ 27

የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ውኃ መሞላት ጀምሯል፤ ልጆቹም መርከቧ እዚያ ካልተንሳፈፈች ብለው ያዙኝ። የሚባረክ ውኃ ላይ የጦር መርከብ! ካህናቱ ከእነመርከቤ ያሰጥሙኛል። ጥያቄው ግን ሌላ ሐሳብ አመጣብኝ፦ ብትንሳፈፍስ ልኳ ላይ ትቆማለች?

ርዝመት በ100 ሲያንስ ክብደት በ100 ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው የሚያንሰው፤ በሚሊዮን። ሙሉ ጭነቷ 2,750 ቶን ነው፤ የእንግሊዙ ቶን ከእኛው ትንሽ ስለሚከብድ በእኔ ልክ 2.8 ኪሎ ይመጣል። አራዳ ገበያ ቅቤ በሚመዘንበት ሚዛን አስመዘንኳት፤ 3.1። ባለ ቅቤዋ «ስንት ትሸጣታለህ?» አለችኝ። ትርፉ 300 ግራም ሦስት ሚሊ ሜትር ከምናምን ያሰምጣታል፤ በእውነቱ ሠላሳ ምናምን ሳንቲ ሜትር። ሳትሰጥም ትሄዳለች፣ ግን ጎርጎራ ወስዶ ጣና ላይ መሞከሩን ከፋሲካ በኋላ አደረግሁት። እዚያ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ምን እንደሚሉ መስማት እፈልጋለሁ።

ጥር 4

ነገ አንቲሩጂን (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን) ልቀባት ነው። አባ መልሕቅ ከመቀባቷ በፊት ሊያዩዋት መጡ። ዙሪያዋን ዞሩና እርሳስ ጠየቁኝ።

«ውስጧ ምን አለ?»

«ምንም። ዋንዛ ነው፣ ድፍን።»

ቀኝ ጎኗ ላይ፣ ከውኃው መስመር ትንሽ ከፍ ብለው፣ አንድ አጭር መስመር አሰመሩ። ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ከብሪጁ ወደ ኋላ በጣታቸው እየቆጠሩ። «አልጋዬ እዚህ ጋ ነው። የላይኛው። በታችኛው የነበረው የአድዋ ልጅ ነው፤ ያንኮራፋ ነበር።»

«ይቀባል እኮ፣ አባባ። ይጠፋል።»

«ይቀባ እንጂ! ያልተቀባ ነገር ይዝጋል።»

ጥር 16

ጥምቀት አለፈ። ግራጫው ሁለት እጅ ተቀባ። በትንሽ አየር መርጫ፣ ቀለሙን አቅጥኜ። ወፍራም ከሆነ የአጥሩን ሽቦ ገመድ ያደርገዋል። ኤ-01ን በነጭ ጻፍኩ፤ ፊደሏን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ።

የቀሩት ሁለቱ ፕሮፔለሮች ናቸው። ከአሮጌ የናስ ቁልፍ ሞርጄ ትናንት ጨረስኳቸው፤ ሳወለውላቸው እንደ ወርቅ ሆኑ። ዛሬ አባ መልሕቅ አንዱን አንሥተው እፍ አሉበት፣ ዞረ። ሌላውን እፍ አሉበት፣ እርሱም በዚያው በኩል ዞረ። ቀና ብለው አዩኝ። ግራና ቀኝ ያሉት በተቃራኒ ነው መዞር ያለባቸው፤ እኔ ሁለቱንም ወደ አንድ ጎን ጠምዝዣቸዋለሁ። ሌላ የናስ ቁልፍ ፍለጋ ነገ ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ።